«አትሂጂ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው እሑድ ከሐና ማርያም ቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላጥፍ ነው የአጥሩ በር የተንኳኳው። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ናት። «እትዬ፣ እማማ ቡና ይምጡ ብላለች» አለችኝና ሮጠች።

እማማ የምንላቸው ሰፈሩ ሁሉ ነን። ፉሪ ገና ጤፍ የሚታጨድባት በነበረች ጊዜ የመጡ፣ የዛሬውን የባቡር ጣቢያ ቦታ ከብት ሲግጥበት ያዩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ አሳድገው፣ አሁን ደግሞ በር ያንኳኳችውን የ14 ዓመት የልጅ ልጅ እያሳደጉ ነው። ስገባ ጀበናው ተጥዷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ግን ቤቱ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ዝምታ አለ። ታናሺቱ ልጃቸው ረከቦቱ ጎን ተቀምጣ ሲኒ ታጥባለች፤ ዐይኗ ቀልቷል።

«ይችን ልጅ ምከሪልኝ» አሉኝ እማማ፣ ገና ሳልቀመጥ። «አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ትሰማሻለች። ሳዑዲ ልሂድ ብላ ተነሥታለች። አትሂጂ በያት።»

ልጅቷ 22 ዓመቷ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ልብስ ስፌት ቤት ሠርታ፣ የምታገኘው ለታክሲና ለምሳ ብቻ ሆኖባት ትታዋለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከኔ የምትጠብቀው ምክር ሳይሆን ፍርድ እንደሆነ አስተያየቷ ይናገራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «አትሂጂ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የመለሰኝ የታላቅ እህቷ ነገር ነው።

ታላቂቱ በ2005 ዓ.ም. ክረምት ላይ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ተመዝግባ ነበር። ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበራት፤ አባትየው ጥሏት ሄዷል። ኩዌት የሚል ውል መጣላት፣ ሕክምናውን ጨረሰች፣ ለፓስፖርቱና ለምልልሱ ተበደረች። ትኬት ስትጠብቅ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ደረሰ፤ መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ለጊዜው አግጃለሁ አለ። «ለጊዜው» የተባለው እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ቆየ፤ አራት ዓመት ከሦስት ወር ማለት ነው። የተበደረችው ገንዘብ ግን ታግጃለሁ ብሎ አልቆመም። አበዳሪው በየሳምንቱ ይመጣል። ደላላው ደግሞ የመጣው ከአበዳሪው ቀጥሎ ነው። በመተማ አድርጋ ካርቱም ገባች፣ እዚያ ሰባት ወር ሰው ቤት ሠራች፣ ከዚያ ቤሩት።

እማማ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደግማሉ፦ «በአየር ልትሄድ የነበረችውን ልጅ በበረሃ ሸኘኋት።» ስለ እገዳው ብዙ ጥናታዊ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ከዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የበለጠ ያስረዳኝ የለም።

እገዳው ያለምክንያት የመጣ እንዳልነበር አስታውሳለሁ። እናንተም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አንዲት የልጆች እናት የሆነች እህታችን እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳይ ምስል በቴሌቪዥን ታይቶ፣ ከቀናት በኋላ መሞቷ ተሰምቶ ነበር። በየሳምንቱ ሬሳ ይመጣል ይባላል፤ ሰው ተቆጥቷል፤ መንግሥት አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት። ቀላሉ ነገር በር መዝጋት ነው። እኛ እናቶችም ያኔ አጨብጭበናል። እኔ ራሴ በዚሁ ዓምድ ባይሆንም በቡና ላይ «ጎሽ» ብያለሁ።

በኋላ ሳስበው ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እገዳው ከታወጀ ከሳምንታት በኋላ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም. ላይ፣ ሳዑዲ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማባረር ጀመረች። ሪያድ መንፉሃ በሚባለው ሰፈር የሆነውን ሁላችንም በስልክ አይተናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ቦሌ ወረዱ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ በጂቡቲና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ የገቡ። ታዲያ የተዘጋው በር የቱ ነው? ወንዶቹ የሄዱበት መንገድ ድሮም በር የለውም፣ አይዘጋም። የተዘጋው ውል ያለው፣ ማኅተም ያለው፣ ስም ዝርዝር ያለው በር ነው፤ በዚያ በር ይወጡ የነበሩት ደግሞ በአብዛኛው ቤት ሠራተኛ ሆነው የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። እገዳው ወንድና ሴት ብሎ አይለይም፣ «ዜጎች» ነው የሚለው። የወደቀው ግን ሴቶቹ ላይ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2012 ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች ቤት ሠራተኛ ሆነው ወደ ዓረብ አገር እንዳይሄዱ ከለከለች። ሴቶቹ ድንበር ተሻግረው በሕንድ በኩል ሄዱ። የኔፓል ሕንድ የኛ መተማ መሆኑ ነው። ወንድ ልጅ ኳታር ላይ ስታዲየም ሲሠራ በሙቀት ቢሞት መንግሥታት ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ይነጋገራሉ፤ ሴት ልጅ ብትሞት ሴቶች እንዳይሄዱ ይከለክላሉ። ያ አደጋ የሥራ አደጋ ሲባል፣ ይሄኛው የሴትነት ዕጣ ይመስላቸዋል። በሴቶች ላይ የሚደርሰውን አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው 26ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ፣ ሴቶች ለሥራ እንዳይሰደዱ የሚያደርጉ አድሏዊ እገዳዎች እንዲነሡ ጠይቋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እኛ በሩን ስንዘጋ ምክረ ሐሳቡ አምስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር።

ወደ ታላቂቱ ልመለስ። ቤሩት ስትገባ ወረቀት የላትም። መንግሥታችን ወደ ሊባኖስ መሄድን ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሎ ስለነበር፣ እዚያ ያለች ኢትዮጵያዊት በአገሯ መዝገብ እንደሌለች ናት። በሊባኖስም ሕግ የለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከመጀመሪያው አያቅፍም። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው፤ «ከፋላ» የሚሉት ይህንን ነው። አሠሪዋን ትታ ብትወጣ በዚያው ሰዓት ሕገወጥ ትሆናለች። እንግዲህ ሁለት አገር አንዲት ሴት ላይ ተስማምተው «አናውቅሽም» ማለት እንደዚህ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች በዶላር መክፈል አቆሙ። ኮሮናም መጣ። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና እያመጡ የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ሲያራግፉ ዓለም አየ። ፍራሽ አንጥፈው አስፋልት ዳር ያደሩት ልጆች የኛ ናቸው። ሐምሌ 28 ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ። ታላቂቱ በዚያ ቀን የምትሠራበት ቤት መስታወቱ ሁሉ ረግፎ፣ እሷ ግን ወጥ ቤት ስለነበረች ተረፈች። ከጥቂት ወራት በኋላ መጣች። እማማ ቦሌ ሲቀበሏት አላወቋትም ነበር፤ ልጅዋም አላወቀቻትም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ «እማማ» የምትለው አያቷን፣ እናቷን «አክስቴ» ብላ ጠራቻት አሉ። አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጣታል።

እዚህ ላይ እማማን የማያስደስት ነገር ልጽፍ ነው፤ ሆኖም አስፈቅጃለሁ። ታላቂቱ በሰባት ዓመት የላከችው ገንዘብ ባክኖ አልቀረም። የድሮው ጭቃ ቤት ፈርሶ ባለ ብሎኬት ሆኗል፣ ሁለት ሰርቪስ ተሠርቷል፣ ኪራይ ይገባል። ግን ገንዘቡ ይገባ የነበረው በወንድሟ የባንክ ደብተር ነው። ወረዳ የሚመላለሰው እሱ፣ ከአናጢ ጋር የሚከራከረው እሱ፣ እና ካርታውም በእሱ ስም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ማንም አልተንኮለም። «ወንድ ልጅ ስለሆነ ለጉዳዩ ይቀላል» ተብሎ ነው። እሷ ስትመለስ ወንድሟ አግብቷል፣ ሚስቱ አራስ ናት፣ ለእሷ የተገኘችው ከሰርቪሱ አንዷ ክፍል ናት። ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ሶፋ የገዛሁት እኔ ነኝ ብላ ስቃ ነገረችኝ፤ ሣቋ ግን ሣቅ አልነበረም። አሁን ሰው ቤት ሳይሆን አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች።

ለመንግሥት «ሴቷን ጠብቃት» ስንል፣ በገዛ ቤታችን የሴቷ ድካም በማን ስም እንደሚመዘገብ አንጠይቅም። ፉሪ ውስጥ «የዓረብ አገር ቤት» የምንላቸውን ቆጥሩ፤ ከዚያ ስንቱ ካርታ ላይ የሴት ስም እንዳለ ጠይቁ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከአንድ ወንድሜ ጋርም ያጣላኛል።

እሑድ ዕለት ቡናው ሁለተኛ ሲፈላ ልጅቷን «እስቲ ወረቀቱን አምጪው» አልኳት። እማማ ቅር አላቸው፤ የጠሩኝ ወረቀት እንዳነብ አይደለም። እሷ ግን ከፍራሹ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሰነድ ይዛ መጣች። መዝጋት እንደማይሠራ በታላቂቱ አይተናል፤ የቀረው ማንበብ ነው። መነጽሬን አስመጥቼ አነበብን።

አሁን ያለው ሕግ የ2006ቱ አይደለም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 በ2008 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። በዚህ አዋጅ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ አይሄድም፤ ሠራተኛ የሚላከው መንግሥት የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ፈረመበት አገር ነው፤ ኤጀንሲው ለሠራተኛዋ መብት መያዣ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ያስቀምጣል። ለእናቶች ደግሞ ይህቺን ልብ በሉልኝ፦ የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። የልጅቷ የሚሆነው ፓስፖርቱ፣ የሕክምና ምርመራውና ክትባቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኗን የሚያሳየው ወረቀት፣ የብቃት ምዘናው ክፍያ ነው። ኤጀንሲ ለአገልግሎቴ ብሎ ከልጃችሁ ገንዘብ መቀበል አይችልም። የታናሺቱን ጉዳይ የያዘ አንድ ሰው ግን «ለማፋጠኛ» ብሎ ጠይቋት፣ እሷም ከዕቁቧ ሰጥታዋለች። ደረሰኝ? የለም። እማማ ይህን ሲሰሙ «ይሄ ደላላ ነው!» ብለው ተነሡ። ልክ ናቸው፤ ደላላ ዛሬ ከሕጋዊው በር ውጭ ብቻ ሳይሆን ከበሩ መቃን ላይም ይቆማል።

ውሉ ላይ የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ይላል። የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለ። ፓስፖርት በማን እጅ እንደሚቀመጥ ፈልገን አጣን። ስልክ መያዝ ትችላለች ወይስ አትችልም፣ እሱም የለም። ኤጀንሲው ጋ ሄዳ ሁለቱን በጽሑፍ እንድትጠይቅ ነገርኳት። «እንዲህ ብዬ ብጠይቅ ተራዬን ለሌላ ይሰጡብኛል» አለችኝ። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. የየወረዳው አስተዳደር ሳይቀር ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ ሴቶችን መመዝገብ ሲጀምር ሰልፉን አይታለች። ትናንት «ሴቶች አትሂዱ» ይል የነበረ አገር ዛሬ «ሴቶች ተመዝገቡ» ሲል ሁለቱም ጊዜ ሴቷን የጠየቃት የለም። ስትታገድም ስትፈለግም የምትቆጠረው በጅምላ ነው።

ደግሞ ውል ጥሩ ቢሆን እንኳ የሚደርስበት ቦታ አለው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ በሌላ ደንብ ነው የምትተዳደረው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሳዑዲ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ አደረግሁ ብላ ስታውጅ፣ የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ ነበሩ። ግንበኛው ተካተተ፣ ሞግዚቷ ቀረች። ይህን ለልጅቷ ሳልደብቅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና እንዲህ አለች፦ «እትዬ፣ እዚህስ የቤት ሠራተኛ ሕግ አላት?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ያለችው ልጅ ከወሎ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ማታ ትማራለች፣ እሑድ ከሰዓት ትወጣለች፣ ደመወዟን አዘግይቼባት አላውቅም። ራሴን ጥሩ አሠሪ አድርጌ ነበር የማየው። የተጻፈ ውል ግን የለንም። ማታ ቤት ገብቼ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ገለጥኩት። አንቀጽ 3 ላይ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው አዋጁ እንደማይመለከተው፣ የእነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንደሚወስን ይናገራል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅም ይህንኑ ደንብ ቃል ገብቶ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ ጤናና ክብር እንዲጠብቅ የሚያዝዙ ጥቂት አንቀጾች አሉ፤ ያንን የሚያውቅ አሠሪ በሰፈሬ ካለ እጁን ያውጣ። ከዚህ ውጭ የዕረፍት ቀኗ፣ የሥራ ሰዓቷ፣ ስትታመም የምትሆነው ሁሉ በእትዬ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የቤሩቷም «ማዳም» ራሷን ጥሩ አሠሪ አድርጋ ታይ እንደሆነ ማን ያውቃል።

የፊሊፒንስ ሰዎች በዚህ ያስቀኑኛል። እነሱም ሴት ልጆቻቸውን በየአገሩ ቤት ሠራተኛ አድርገው ይልካሉ፣ እነሱም ሬሳ ይቀበላሉ። በዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጄኔቫ ላይ የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ሲጸድቅ፣ ቀድመው ከተቀበሉት ሁለት አገሮች አንዷ ፊሊፒንስ ናት፤ ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በእሷና በኡራጓይ ፊርማ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በአገራቸው ውስጥ ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ሕግ አወጡ፤ «ባታስ ካሳምባሃይ» ይሉታል። የጽሑፍ ውል፣ በሳምንት ሙሉ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ የማኅበራዊ ዋስትና፣ በዓመት የአሥራ ሦስተኛ ወር ደመወዝ። ቀኑን አስተውሉልኝ፤ እኛ በሩን ከመዝጋታችን ዘጠኝ ወር በፊት ነው። እነሱ በዚያ ዓመት ሥራውን ሥራ ነው ብለው ጻፉ፣ እኛ በዚያው ዓመት ሴቶቹን አስቀረን። የራስህን ቤት ሠራተኛ በሕግ ያላወቅህ አገር ሆነህ ሪያድ ሄደህ «የልጄን መብት አክብር» ስትል ጉሮሮህ ላይ የሚቆም ነገር አለ። የኛ ዲፕሎማት ይህን አይለውም፣ እኔ ግን እላለሁ።

ማክሰኞ ማታ ከልጅቷ ጋር፣ ከእኔዋ ጋር ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ውል ጻፍን። ገጽ ተኩል ሆነ። መጀመሪያ ስቃብኝ ነበር። በኋላ ግን «የዓመት ፈቃድ» የሚለው ላይ ስንደርስ ዝም ብላ ቆይታ «ለጥምቀት አገሬ መሄድ እችላለሁ ማለት ነው?» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

የታናሺቱ ነገር አላለቀም። እማማ አሁንም እንድትቀር ይፈልጋሉ፤ ሰው ናቸው፣ አንዷን በበረሃ ሸኝተው ሌላዋን በአየር ቢሸኙም ሆድ ሆድ ነው። እኔም ሂጂ አላልኳትም። ያልኳት ውሉ ላይ የጎደሉት ሁለቱ ነገሮች ሳይሟሉ እንዳትፈርም፣ ያንን «ማፋጠኛ» የወሰደባትን ሰው ደግሞ ስሙን ጽፋ ሥራና ክህሎት ጋ እንድታመለክት ነው። ማመልከቻውን አብሬያት ሄጄ እንድሰጥ ተስማምተናል።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች ጀሞ ባንክ ሄደው የታናሺቱን ደብተር አስከፈቱ። በራሷ ስም፣ በራሷ ፊርማ፤ ሌላ ሰው የማያወጣበት። የወሰደቻት ታላቂቱ ናት፤ ከሥራዋ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ። ወንድማቸው ሲሰማ «እኔን አላመናችሁኝም ማለት ነው?» ብሎ ሁለት ቀን ቡና አብሮ አልጠጣም። እማማ በመካከል ሆነው ሲጨነቁ አየሁና አዘንኩላቸው። ቅዳሜ ግን ራሱ መጥቶ ስለ ካርታው ጠየቀኝ፤ በሁለት ሰው ስም ማዞር ይቻላል ወይ፣ ግብሩስ ስንት ይሆናል አለ። ወረዳ ሄዶ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ሰኞ እሄዳለሁ ብሏል።

የልጅቷ ፓስፖርት፣ መታወቂያና የውሉ ቅጂ እኔ ቤት ኮሜዲኖ ውስጥ ተቀምጧል። የልጅ ልጅዋ ናት ይዛው የመጣችው። ሁለት ቅጂ ነው። «አንዱ እንዲጠፋ ቢደረግ እንኳ» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ይህን ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኋትም።